የገነቴ የሳሙና ከብት

ሳሙና ሲያገለግል የሚያልቅ ነገር ነው፤ ካላለቀ አልሠራም ማለት ነው። ከብት ደግሞ፣ ቢያንስ በሐዲያ አገር፣ የሚያዘው እንዲበዛ እንጂ እንዲያልቅ አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያጋባ ሰው ጋብቻው ቢበጠበጥበት ምን ይገርማል? አጋቢዋ ገነቴ ነበረች።

ገነቴ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ በአንድ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ታጥብ ነበር። የሥራ መደቧ «ጽዳት» ይባላል፤ ወለል መጥረግም ነበረባት። እሷ ግን ወለሉን ለወጉ ያህል ዳበስ ታደርገውና ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ባለችው ማጠቢያ ቤት ውስጥ ትውላለች። ማጠቢያ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን የነበረች፣ አብዮቱ ከነጣሪያዋ የወረሳት፣ ቆርቆሮዋ የዛገ አንዲት ክፍል ናት። ውስጧ ሳፋዎች፣ አንድ በርሜል፣ ጉልቻ፣ በጉልቻው ላይም የገነቴ የራሷ የሆነ ትልቅ ብረት ድስት። በሰርጓ ጊዜ የተገዛ ድስት ነው።

ባሏ አናጢ ነበር፤ ሞቷል። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ስለዚህ ጉዳይ ስትናገር የሰማ የለም። ነገር ግን የማንንም ልጅ፣ የዘመድም ይሁን የባዳ፣ መንገድ ላይ ስታገኝ ሰላም ከማለቷ በፊት ጆሮውን ገልበጥ አድርጋ ከጀርባው በአውራ ጣቷ ታይ ነበር። እድፍ ካገኘች ፊቷ ይበራል። ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

ሥራው ነበረ፤ ሳሙናው ግን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚታደል፣ «መጣ» ሲባል ሰልፉ እስከ ገበያው የሚደርስ ብርቅ ዕቃ ነው። የመዋዕለ ሕፃናቱ ድርሻ በደንቡ ይመደባል፣ በደንቡም ከመጋዘን ይወጣል። በመንገድ ላይ ግን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ዩኒፎርም ያገኘዋል። ገነቴ አልተማረረችም፤ ራሷ ትሠራ ጀመር። ደረቅ ኮባ አቃጥላ አመዱን ታቹ በተበሳ እንስራ ውስጥ ትጠቀጥቅና ውሃ ታንቆረቁርበታለች። ከታች የሚንጠባጠበው ቡናማ ውሃ ጣት ይልጣል። በመስቀል ሰፈርተኛው በጋራ ካረደው በሬ የተረፈውን ሞራ ለምና ታቀልጣለች። ሁለቱን በድስቱ ውስጥ አንድ ላይ ስታፈላቸው እንደ ገንፎ ይወፍራሉ። ጨው ስትጨምርበት ሳሙናው ከውሃው ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ሽታው እንዳያስጠላ ጠጅ ሳር፣ ለእከክ ደግሞ የሚሲዮን ክሊኒክ እህቶች የሰጧትን ድኝ ታክልበታለች። ሲበርድ በኮባ ትጠቀልለዋለች። እንዲያ ተጠቅልሎ ያየው ሰው ሁሉ ቅቤ መስሎት ዋጋ ይጠይቃታል።

ጥሩ ሳሙና ነበር። ክፋቱ ልጆቹ ጠሉት። ዓይን ያቃጥላል፤ በዚያ ላይ ሳሙና ነው። ገና ሳፋው ሲንኳኳ ግማሾቹ ከአጥሩ ሾልከው እንሰት ውስጥ ይገባሉ። እንሰት ውስጥ የገባን ልጅ ደግሞ እንኳን ገነቴ አብዮት ጥበቃም አያገኘው።

አንድ ቀን ገነቴ ከድስቱ አጠገብ ተቀምጣ ልጆቹን ስትጠብቅ፣ ለብ ያለውን ሳሙና ሳታስበው በእጇ ትጠፈጥፈው ነበር። እንደ እሷ ሞርሲቶ ገጠር ያደገ ልጅ ሁሉ ጭቃ ሲያገኝ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ጣቶቿ እሱኑ ሠሩ። ሻኛ ወጣ፣ ቀንድ ወጣ፣ ጡት ወጣ።

«እትዬ ገነቴ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ጠያቂው ጴጥሮስ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው እድፍ ከሸሚዙ ኮሌታ የሚጠነክር የአንድ አስተማሪ ልጅ፣ ገና ፊደል ያልቆጠረ።

«ላም ናት።»

«የማን ላም?»

ገነቴ ትንሽ አሰበች። «የሚታጠብ ልጅ ላም ናት» አለች።

ጴጥሮስ ከነልብሱ ሳፋው ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ ላም ያልያዘ ልጅ አልነበረም። ነጭ፣ በከሰል የተዥጎረጎረች፣ በእርድ የቀላች። ልጆቹ ለመታጠብ ተጋፉ፣ ተጣሉ፣ አለቀሱ። ገነቴም ያሸነፈች መሰላት። ላሞቹን ወደየቤታቸው ይዘው እንዲሄዱ ፈቀደችላቸው፤ እዚያም እንዲታጠቡበት ብላ።

ጥቂት ቆይቶ የጴጥሮስን ጆሮ ገለበጠች። እድፉ ተመልሶ መጥቷል፤ ወንድሞቹንም አስከትሏል።

«ላምህን የት አደረስካት?»

«ቤት ናት። በረት ሠራሁላት።»

«ለምን አትታጠብባትም ታዲያ?»

ልጁ እንደ ሞኝ አያት። «ትከሳለቻ!»

ይህ መልስ የአንድ ልጅ ሳይሆን የአገር መልስ ነው። መቶ ከብት የሞላለት ሰው ድግስ ተደግሶለት በሚከበርበት ምድር ተወልዶ፣ ላሙን በገዛ ብብቱ ፈግፍጎ የሚጨርስ ልጅ ከየት ይምጣ? ልጆቹ ላሞቻቸውን ሣር ያቀርቡላቸው ጀመር። በላም ላም ተለዋወጡ፤ እህቶቻቸውን በላም ዳሩ። «ስንት አለህ?» ሲባሉ «ምን አለኝ፣ አንዲት ያረጀች ናት» ይላሉ፤ ሌሎቹ ጓደኛ ቤት በአደራ ታስረዋል። አባቶቻቸውም ለግብር ሰብሳቢና ለክፉ ዓይን ቁጥሩን የሚናገሩት እንደዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ወላጆቹም አላዘኑም። የጴጥሮስ አባት፣ ዲያሌክቲክስ የሚባለውን የማርክስ ፍልስፍና የሚያስተምር ሰው፣ ማጠቢያ ቤቱ ድረስ መጥቶ «ልጃችን መንጋ እያፈራ ነው» ብሎ ገነቴን አመስግኗታል።

ገነቴ፣ ቢበዛላቸው በትርፉ ይታጠቡበታል ብላ ጨምራ ሠራች። ከማጠቢያ ቤቱ አጥር ማዶ የምኖረው እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እንደዚያ ነበር፤ ዕቃ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል ይላል መጽሐፉ። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ከብት አልነበራቸውም። የልጆቹ መንጋ በዛ፤ እከኩም ከመንጋው ጋር በዛ።

በዚህ መሐል ነው የቀበሌው ሊቀመንበር የመጣው። ጓድ ወንዳፈረው ከሰሜን ለንግድ መጥተው እዚያው ከከረሙ ቤተሰቦች የተወለደ፣ ድምፀ ትልቅ፣ ልበ ትንሽ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ክፉዎቹን የሚፈራ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሦስተኛ ሰው ብዙም አይታይም።

«ጓድ ገነቴ! ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። እነዚህን ልጆች አይተሻቸዋል? ያካሉ! የአብዮቱ አበቦች ያካሉ!»

«አይቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሳሙና ትሠራለች ሲሉ እሰማለሁ። የታለ ሳሙናው?»

«በየቤታቸው ነው።»

«ምን ያደርጉታል?»

«ያረቡታል።»

«ምን?»

«ላም አድርጌ ሠራሁላቸው። እንዳታልቅ ብለው አስቀመጧት።»

ወንዳፈረው በሩን መለስ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ወይዘሮ ገነቴ። እንግዶቹ በመጡ ቀን አንድ ልጅ ሲያክ ከታየ ይቺ ቤት የአብዮት ጥበቃ ማብሰያ ትሆናለች። ድስቱም አብሮ ይሄዳል፤ ጓዶቹ ዓይናቸውን ከጣሉበት ቆይተዋል። እኔ አላድንሽም። እኔንም የሚያድነኝ የለም።»

«እኔስ ምን እሆናለሁ?»

«አንቺማ ወለል ትጠርጊያለሽ።»

ገነቴ ዞራ ድስቷን አየችው፤ ከዚያ ደግሞ ሳፋዎቹን። ወለል ጆሮ የለውም፤ ቢያገላብጡት ከጀርባው ልጅ አይገኝም።

መጀመሪያ አራት ማዕዘን ሳሙና ሠራች። ልጆቹ ዞር ብለው አላዩትም። ቀጥሎ የተሻለ ያለችውን አሰበች፤ ጅብ ሠራችላቸው። ጅብ ቢያልቅ ማን ያዝናል? አስቀያሚ፣ ኋላው የጎበጠ፣ ጥርሱ በከሰል የተሳለ ጅብ። ለጴጥሮስ ስትሰጠው ልጁ ጮሆ ወረወረው፤ ሌሎቹም ድንጋይ ይዘው ደረሱ። ከብታቸውን ሊፈጅባቸው የመጣውን ጠላት ግቢው ውስጥ ወግረው ገደሉት፤ ከዚያም ለጥንቃቄ ቀበሩት። በዚያ ቀን ከመታጠብ ይልቅ ይበልጥ ቆሽሸው ገቡ።

ቅዳሜ ሞራ ልትለምን ሞርሲቶ፣ አጎቷ ወልደየሱስ ዘንድ ሄደች። ወልደየሱስ ለእንግዳ ጎመን ሲያቀርብ እጁ የሚንቀጠቀጥ ንፉግ ነው። ያን ቀን ግን ለበዓል የተቀመጠ ቡላ በገበታ ይዞ፣ አጥንቷ የወጣ አንዲት ላም ፊት ተንበርክኮ ሲያጎርሳት አገኘችው።

«አጎቴ! ቡላ ለላም?»

«ለላሟ መሰለሽ እንዴ ልጄ? ለምትወጣው ነው እንጂ።»

«ከስታለች እኮ።»

«ትክሳ! ጥጃዋ ደህና ትውጣልኝ እንጂ ትክሳ።»

ገነቴ ሞራውን ሳትለምን ተነሳች ይባላል። አጎቷ ግን ለምናኛለች ብሎ ምሏል፤ ስለ ሞራው ቃሉን መጠራጠር ይቻላል።

ቤቷ ገብታ በእርድ የቀላ ሳሙና ጠፈጠፈችና ጣት የሚያካክሉ ጥጆች ሠራች። ምድጃው አጠገብ አደረቀቻቸው፤ እንደ ባቄላ ጠነከሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥጃ ለስላሳ ነጭ ሳሙና አለበሰችውና ነጩን ላም አደረገችው። ሆዷ የተነፋ፣ እግሯ አጠር ያለ፣ ግርማ ያላት ላም።

«እነዚህ ያረገዙ ናቸው» አለቻቸው ለልጆቹ።

ጴጥሮስ ላሟን ተቀብሎ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጠፈ። «መቼ ነው የምትወልደው?»

«አንተ ስትታጠብባት።»

«እርም በይ?»

«እርም! ግን በድንጋይ የፈገፈጋት እንደሆነ ትጨነግፋለች። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የተዋትም እንደዚያው። በሰው ገላ ላይ ብቻ ነው የምትወልደው።»

«ትከሳለቻ!» አለች አንዲት ልጅ ከኋላ። አሰገደች ናት፤ የወንዳፈረው ልጅ።

«ትክሳ» አለች ገነቴ። «ጥጃዋ ደህና ትውጣ እንጂ ትክሳ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ ሰው አያምንም። ልጆቹ ጠዋት ከአስተማሪያቸው ቀድመው ሳፋው ዘንድ ይሰለፉ ጀመር። ጉልበት ታጠበ፣ ክርን ታጠበ፣ ከጆሮ ጀርባ ታጠበ፤ ይህን የመጨረሻውን ልጅ በገዛ ፈቃዱ ሲያደርገው ታይቶ አይታወቅም። የራሳቸው ገላ ሲያልቅባቸው ታናናሾቻቸውን አጠቡ። ጴጥሮስ የጎረቤት ውሻ ይዞ አጠበ፤ ውሻው ቤቱ ሲመለስ ጌታው «ሂድ፣ የማን ውሻ ነህ!» ብሎ አባረረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ማጠቢያ ቤቱ በጩኸት ሊናድ ደረሰ።

«አፍንጫው ወጣ! እትዬ! አፍንጫው ወጣ!»

ገነቴ እየሮጠች ደረሰች። በጴጥሮስ መዳፍ ላይ ከነጩ መካከል አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ ብላለች። ሳፋው ፊት ተንበርክካ እጁን ከታች ደገፈችው። «ቀስ በል! አትጎትተው፤ ራሱ ይምጣ። ጉልበትህ ላይ እሸው። አዎ፣ እንዲያ።» ልጁ ግንባሩ ላቦ፣ ጉልበቱ ተፍቆ ቀልቷል። ጥጃው ሲወጣ ሁሉም እልል አሉ፤ ገነቴም አብራ እልል አለች። ዓይኗን በአረፋ እጇ አበሰችና፣ ሳሙናው ነው ያቃጠለኝ አለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ያ ሳሙና ዓይን ማቃጠሉን አልተወም ነበር።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ልጆቹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበሩ ነበር። የእንግዶቹ አለቃ መነጽራምና ፋይል ያቀፉ ሰው ናቸው። መዝሙሩን ሰሙ፣ እጅ አዩ፣ ራስ አዩ፤ የሚያክ ልጅ አላገኙም። በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ያከከ ሰው ቢኖር ወንዳፈረው ነው፤ አንገቱን፣ ከጭንቀት የተነሳ።

ሊወጡ ሲሉ የጴጥሮስ የተጨበጠ እጅ ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው የያዝከው፣ ጎበዝ?»

«ጥጃ።»

«የማን ጥጃ ነው?»

ወንዳፈረው ከኋላ በከንፈሩ መልሱን ሠራለት። ፋብሪካው፣ መሬቱ፣ ቤቱ፣ ሁሉም የማን እንደሆነ ልጆቹ በመዝሙር ተምረዋል።

«የእኔ ነዋ። እናቱን ታጥቤ ጨረስኳት።»

የወንዳፈረው እጅ እንደገና ወደ አንገቱ ሄደ።

«ሌላ ከብትስ አለህ?» አሉ እንግዳው።

ጴጥሮስ ያቀፉትን ፋይል አየ። ፊታቸውን አየ። ከዚያ እንደ አባቶቹ ትከሻውን ሰብቆ፣ «ምን አለኝ፣ ይኸው ነው» አለ። በዚያ ቆመው የነበሩ የአገሩ ሰዎች ሁሉ በአንድነት ጫማቸውን መመርመር ጀመሩ።

እንግዳው ንግግር አደረጉ። የጽዳቱ ውጤት አመርቂ ነው፤ ብዙኃኑ ነቅቷል። ይሁን እንጂ ጓዶች፣ ሕፃናት ከአሁኑ የግል መንጋ ማርባታቸው የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ነው፤ በእንጭጩ ካልተቀጨ አደገኛ ነው። ስለዚህ የግል ላሞቹ ይቀሩና አንዲት ትልቅ የጋራ ላም ትሠራ። ልጆች ሁሉ በጋራ ይታጠቡባታል፤ ጥጃዋም የጋራ ይሆናል። ይህ ከተፈጸመ ማጠቢያ ቤቱ እንዳለ ይቆይ፣ ለሌሎች ቀበሌዎችም አርአያ ይሁን። ወንዳፈረው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ማከኩንም ተወ።

ገነቴ የጋራዋን ላም ሠራች። በግ የምታክል፣ ቀንዷ የተንሠራፋ፣ ከሩቅ የምትታይ። አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩላት፤ በሣጥን ላይ አቆሟት። ልጆቹ ዙሪያዋን ከበቡ።

«አርግዛለች?» አለች አሰገደች።

«አርግዛለች» አለ አባቷ ወንዳፈረው።

«ጥጃው የማን ነው?»

«የሁላችሁም።»

«እሺ፣ ሲመሽ ከማን ጋር ነው ቤት የሚገባው?»

ወንዳፈረው ወደ ገነቴ ዞረ። ገነቴ ውሃ እየቀዳች ነበር።

በትልቋ ላም አንድም ልጅ አልታጠበባትም። ስንፍና አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሌላው እስኪያከሳት ይጠብቅ ነበር። አቧራ ለበሰች፤ ሻኛዋ ተሰነጠቀ። ልጆቹ ግን ንጹሕ እንደሆኑ ኖሩ፤ ምክንያቱም ገነቴ ትንንሾቹን ላሞች በሽርጧ ውስጥ አድርጋ፣ በኮባ ጠቅልላ ማደሏን ቀጥላ ነበር። «ማን ቢጠይቃችሁ ቅቤ ነው በሉ» ትላቸዋለች። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከዱራሜም ከአንጋጫም፣ ልምድ ለመቅሰም የመጡ ጓዶች ነበሩ። ላሟን ያያሉ፣ የልጆቹን ጆሮ ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ይህ ሁሉ ልጅ እየታጠበባት ለምን አልከሳችም ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የማይከሳ ነገር በዚያ ዘመን ጥርጣሬ ሊያስነሳ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወንዳፈረው አሰገደችን እጇን ይዞ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ጓድ» አላለም።

«ወይዘሮ ገነቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ለዚች ልጅ እንኳ… አንዷን።»

«የቷን ጓድ ሊቀመንበር?»

«ያቺን እንኳ… ያረገዘችዋን።»

«ትልቋም እኮ አርግዛለች።»

ወንዳፈረው በሣጥኑ ላይ የቆመችውን ላም አያት። «እሷማ የሁሉም ናት» አለ፣ የሕመምተኛ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ።

ገነቴ የልጅቷን ጆሮ ገለበጠች፤ በአውራ ጣቷ አየች፤ ከሽርጧ አንዷን አውጥታ ሰጠቻት። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አልተነጋገሩም፤ አሰገደች ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ «ቅቤ» ይዛ ስትገባ አይቻለሁ።

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሰው የቀበሌውን ንብረት ተከፋፈለ። በር የወሰደ አለ፣ ቆርቆሮ የወሰደ አለ፤ በርሜሉን ሁለት ሰዎች ተደባድበውበታል። ላሟን የነካ አልነበረም። ገነቴ የመጨረሻዋ ሆና ወጣች፤ ድስቷን በጀርባዋ አዝላ፣ ላሟን እንደ ሕፃን አቅፋ። አጥሬ ዘንድ ስትደርስ አረፍ አለች።

«እንግዲህ ጥጃው ያንቺ ሆነ ገነቴ» አልኳት።

«ምን ጥጃ ጋሼ?»

«ሆዷ ውስጥ ያለው ነዋ።»

«የለም እኮ።» ላሟን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረቻት። «ማን ይደርስበታል ብዬ ላስገባ? እርድ ያኔ ውድ ነበር።»

እሷ የላሟን ሆድ እንደ ገበያ ሰው ጫን ጫን እያደረገች ትመዝን ነበር።

«ሞራዋ ግን ደህና ነው» አለች። «ብትቀልጥ ብዙ ትንንሽ ላም ይወጣታል።»